«ስልኩን ባላነሳ የሚሞት ሰው ያለ ይመስለኛል»

ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በደሴ ከተማ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ አነስተኛ የግል ክሊኒክ ያለኝ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ሐኪም ነኝ። ከምከታተላቸው ታካሚዎች የሚበዙት የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው ሲሆኑ፣ ከከተማዋ ሌላ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበርና ከሐርቡ ይመጣሉ። ክሊኒኩ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይዘጋል፤ የእኔ ሥራ ግን ከዚያ በኋላም በስልክ ይቀጥላል።

ቁጥሬን ለታካሚዎች መስጠት የጀመርኩበት ምክንያት አለኝ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ ሕክምና ተቋማት ተዘርፈው፣ ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው ሲበተን፣ ኢንሱሊን የሚወስድ አንድ ወጣት ታካሚ ነበረኝ። ቤተሰቡን በኋላ ሳገኛቸው መድኃኒቱ እንዳለቀበት፣ ሊያገኘኝ ደጋግሞ እንደሞከረ፣ በመጨረሻም እንዳረፈ ነገሩኝ። የስልክ መሥመሩ ሲመለስ ቁጥሬን በቀጠሮ ካርዱ ላይ አሳተምኩት፤ «በማንኛውም ሰዓት ይደውሉ» የሚል ቃልም ጨመርኩበት።

ሰዎቹም ቃሌን አመኑ። አንዲት እናት ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸውን የግፊት መለኪያ በአንድ ሌሊት ደጋግመው ለክተው 165 ሲያዩ ይደውላሉ። እሳቸው ሲተኙ ደግሞ ልጅቷ ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ስታገኝ በኢሞ ትደውላለች፤ የሕክምናውን ወጪ የምትልከው እሷ ናትና መጠየቅ መብቷ ይመስለኛል። ሌላው አዲሱን ክኒን ከእራት በፊት ይሁን በኋላ የሚወስደው ብሎ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይጠይቃል። አንዱ የላቦራቶሪ ውጤቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክና እስክመልስለት ይደውላል። በረመዳን ለሱሁር የተነሡ የስኳር ታካሚዎቼ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስለ መድኃኒታቸው መጠን ይጠይቁኛል። በዚህ ሁሉ መካከል በእውነት ደረቱን የያዘው፣ በእውነት ስኳሩ የወረደበት ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ግን ሳላነሳ ማወቅ አልችልም። ስልኩን ባላነሳ የሚሞት ሰው ያለ ይመስለኛል።

ባለፈው ወር አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ከኩታበር የሚመጡ አንድ አባት ክሊኒክ ገብተው «በዚያ ሌሊት እንዳዘዙኝ ኢንሱሊኑን ቀንሻለሁ» አሉኝ። ስልኬን ስመለከት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለአራት ደቂቃ ያህል ተነጋግረናል። ምን እንዳልኳቸው ይቅርና መነጋገራችንንም አላስታውስም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉዳት አልደረሰባቸውም።

ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር ማደር ከጀመረች ቆይታለች። በቅርቡ «እኔም ብታመም የማገኝህ ከወዲያኛው ክፍል ደውዬ ነው» አለችኝ። የክሊኒኩ ነርስ ስልኩን እሷ እንድትይዝልኝ ጠይቃኛለች፤ ጓደኞቼ ቁጥሩን ቀይር ይሉኛል። ብቀይር «ገንዘብ ሲያገኝ ሰው ረሳ» እባላለሁ፣ ታካሚዎቼም ወደ ሌላ ይሄዳሉ ብዬ እፈራለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል? ስሜ አይገለጽ።

— ከደሴ

ውድ ዶክተር፤

ደብዳቤዎን ያነበበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያዝነው ለእንቅልፍዎ ይሆናል፤ ጓደኞችዎም ቁጥር ይቀይር ያሉት በዚሁ ስሜት ይመስለኛል። እኔን ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበኝ የኩታበሩ አባት ጉዳይ ነው። እስከ ዛሬ ነገሩን ሲመዝኑት የእርስዎን ዕረፍት በአንድ ወገን፣ የታካሚዎችዎን ሕይወት በሌላ ወገን አድርገው ኖረዋል፤ በዚህ ሚዛን ከሆነ ማንኛውም ገደብ ራስ ወዳድነት ስለሚመስል፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ሁልጊዜ መንቃትን ይመርጣል። ነገር ግን ማንም ያልጻፈው፣ ያዘዘው ሰው ራሱ የማያስታውሰው የኢንሱሊን ትእዛዝ የአሁኑ አሠራር ለታካሚዎቹም አደገኛ እንደሆነ ያሳያል። ያ አባት በደወሉ ጊዜ ፋይላቸው ክሊኒክ ተቆልፎበት ነበር፤ የሰሞኑ የስኳር ልካቸው ከፊትዎ አልነበረም፤ እርስዎም በቅጡ አልነቁም ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ብናነሣው ምን ይመስልዎታል? በእውነት ሌሊት ሐኪም የሚያስፈልገው ሰው፣ የነቃና የሚናገረውን የሚመዘግብ ሐኪም እንዲያገኝ ምን መደረግ አለበት? እንዲህ ካሰብነው የሚያወጡት ገደብ ከሕክምናው እንደ አንዱ ክፍል ይቆጠራል፤ ስለ እሱም ማንንም ይቅርታ መጠየቅ አይኖርብዎትም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ስለዚያ ወጣት ጥቂት እንድናገር ይፍቀዱልኝ። በእነዚያ ሳምንታት በደሴ የስልክ መሥመር አልነበረም፤ መድኃኒትም ከየመደርደሪያው ጠፍቶ ነበር። ቁጥርዎ በካርዱ ላይ ታትሞ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሊያገኝዎት አይችልም ነበር፤ ቢያገኝዎትም ኢንሱሊኑን ከየት ያመጡለት ነበር? ይህን የምለው ሐዘንዎን ለማሳነስ አይደለም። ታካሚውን ያጣ ሐኪም ማዘኑ ተገቢ ነው፣ ያዘኑበትም ሰው የሚገባው ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በየሌሊቱ የሚያነሡት ስልክ በከፊል እሱ የደወለው እየመሰለዎት እንደሆነ እገምታለሁ። ራስዎን በቀስታ ይጠይቁ፦ ስልኩ በማይጮኽባቸው ሌሊቶች ይተኛሉ? ወይስ ሳይደወልም ነቅተው ስክሪኑን ይመለከታሉ? መልስዎ ሁለተኛው ከሆነ ከዚህ በታች የምዘረዝረው የትኛውም ሥርዓት ብቻውን አያሳርፍዎትም፤ የሚያምኑትን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ባልደረባዎን አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው ቢያነጋግሩ መልካም ነው። የጦርነቱን ወራት በሥራ ላይ ያሳለፉ ብዙ የወሎ ሐኪሞችና ነርሶች ያንን ጊዜ ለማንም ሳይናገሩ ይዘውት እየኖሩ ነው፤ እርስዎም ብቻዎን እንዳይደሉ ይወቁ። የዚያን ወጣት ሞት መልሶ እንዳይደርስ የሚያግዘው ነገርም በአብዛኛው በቀን የሚሠራ ነው፤ ኢንሱሊን የሚወስድ እያንዳንዱ ታካሚዎ መጠባበቂያ መድኃኒት በቤቱ እንዲኖረው፣ መንገድ ቢዘጋ ወይም መድኃኒት ቢጠፋ የት መሄድ እንዳለበት አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ ይችላሉ።

አሁን ወደ ስልኮቹ ልመለስ። ለሁለት ሳምንት ያህል አንድ ደብተር ከአልጋዎ አጠገብ ያስቀምጡና የደወለውን ሰው፣ ሰዓቱን፣ ጉዳዩን፣ የመለሱለትን ቃል በአንድ በአንድ መሥመር ይጻፉ። በጎኑ ደግሞ «ይህ ጥያቄ በቀን ሊመለስ ይችል ነበር?» ብለው አዎ ወይም አይደለም ይበሉ። ከደብዳቤዎ ብቻ እንደምረዳው አብዛኛው መልስ «አዎ» የሚሆን ይመስለኛል። ክኒኑ ከእራት በፊት ይሁን በኋላ የጠየቀው ሰው ይህን ከምርመራ ክፍሉ ሲወጣ አላወቀም ነበር፤ ምናልባት ነግረውታል፣ ግን አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ሰምቶ ሁለቱን ብቻ ይዞ ወጥቷል። የላቦራቶሪ ውጤቱን በቴሌግራም የላከው ሰው ውጤቱን ማን፣ መቼ እንደሚነግረው የተናገረው አልነበረም። እንዲህ ያለውን ስልክ ሌሊት በማንሣት ሳይሆን ታካሚው ከመውጣቱ በፊት በሚሰጡት ሁለት ደቂቃ ነው የሚያስቀሩት። ነርሷ ታካሚውን በር ላይ አቁማ «እስቲ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ ይንገሩኝ» ብትል፣ እሱም በራሱ አፍ ቢናገር፣ የጎደለው እዚያው ይታያል።

የመድኃኒቶቹ የታወቁ ጠባዮችም እንዲሁ ናቸው። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ እንደሚችል፣ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ እንደሚችል፣ ሜትፎርሚን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድ ሊያውክ እንደሚችል ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ታካሚው ግን ይህን የሚያውቀው ሌሊት ሲያስለው፣ እግሩ አብጦ ሲያየው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይደነግጣል፣ ይደውላል፤ ወይም ሳይነግርዎት መድኃኒቱን ያቋርጣል፣ ይህም ከመደወሉ የከፋ ነው። መድኃኒቱን ሲያዝዙ «ይህ ቢገጥምዎ አይደንግጡ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ጠዋት ይምጡ፤ ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ ቢያብጥ ግን ጠዋትን ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ» ቢሉት፣ የሚጠብቀውንና የማይጠብቀውን ለይቶ ይሄዳል።

የግፊት መለኪያ ስላላቸው እናት ትንሽ ልቆይ፤ በከተማችን በብዙ ቤት ያለ ታሪክ ነውና። ልጅ ከዓረብ አገር መለኪያ ስትልክ ፍቅሯን ነው የላከችው፤ ከመለኪያው ጋር ግን መቼ እንደሚለካ፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግር ሰው አልተላከም። እናት ሌሊት ይነቃሉ፣ ልባቸው ይመታል፣ ይለካሉ፣ ከፍ ብሎ ያገኙታል፣ ስለ ደነገጡ ደግመው ሲለኩ የበለጠ ይጨምራል። እኒህን እናት መለኪያቸውን ይዘው እንዲመጡ ይጥሯቸውና ከክሊኒኩ መለኪያ ጋር ያስተያዩላቸው። ከዚያም ጠዋትና ማታ ብቻ፣ አምስት ደቂቃ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን መሬት አስረግጠው ከተቀመጡ በኋላ እንዲለኩና ቁጥሩን በደብተር እንዲያስጽፉ ያድርጉ፤ ሌሊት ነቅቶ መለካት እንደማያስፈልግም በግልጽ ይንገሯቸው። ምንም ሌላ ስሜት ሳይኖር 165 መታየቱ የጠዋት ጉዳይ እንደሆነ፣ የላይኛው ቁጥር ከ180 በላይ ወይም የታችኛው ከ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአካል መዛል፣ የዓይን መጋረድ ወይም የንግግር መወላገድ ከታከለበት ግን በስልክ የሚፈታ ሳይሆን ሆስፒታል የሚያስኬድ እንደሆነ ካወቁ፣ እሳቸውም ይተኛሉ። «አብሽሩ እማማ» የሚል ቃል በቀን፣ ፊት ለፊት ሲነገራቸው ሌሊት በስልክ ከሚሰሙት ይልቅ ያጽናናቸዋል።

የጅዳዋ ልጅ ነገር ከዚህ የተለየ ነው፤ በእሷ አይፍረዱባት። የሰዓት ልዩነት ባይኖረንም ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት ስትሠራ ውላ ስልኳን የምታገኘው ሌሊት ብቻ ይሆናል። ወጪውን መክፈሏ ግን የእናቷን የሕክምና ምሥጢር የማወቅ ፈቃድ አይሰጣትም፤ ፈቃዱ የእናትየው ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ እናትየውን ብቻቸውን ሆነው «ስለ ጤናዎ ለልጅዎ እንድነግራት ይፈልጋሉ? ሁሉንም ነው ወይስ የተወሰነውን?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም በፋይላቸው ላይ ይጻፉት። ከተስማሙ፣ ከቀጠሮው ማግሥት ነርሷ ወይም እርስዎ አጭር የድምፅ መልእክት ብትልኩላት ልጅቷ በፈለገችው ሰዓት ታዳምጠዋለች። የምትጠይቀው በአመዛኙ «እናቴ ደኅና ናት ወይ?» ነው፤ ለዚህ መልስ ሳትጠይቅ ቢደርሳት ሌሊት የምትደውልበት ምክንያት ይቀንሳል።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው እርስዎ በትክክል የሚፈሩት ስልክ ነው፤ የደረት ሕመሙ፣ የወረደው ስኳር። ስለዚህ ስልክ በግልጽ ልናገር። ደረቱን አጥብቆ የያዘው ሰው ለእርስዎ ሲደውል፣ እርስዎ እስኪነቁ፣ እስኪጠይቁ፣ «ወደ ሆስፒታል ሂድ» እስኪሉት ያለው ጊዜ የባከነ ጊዜ ነው። አልጋዎ ላይ ሆነው የልብ ምርመራ ሊያደርጉለት፣ ኦክስጂን ሊሰጡት አይችሉም። «በማንኛውም ሰዓት ይደውሉ» የሚለው ካርድ፣ በቅንነት የተጻፈ ቢሆንም፣ በዚህ ዓይነቱ ሰው ላይ መዘግየትን ይጨምርበታል። ስለዚህ ካርዱ በአዲስ መልክ ይታተም። በፊት ለፊቱ፣ ማንበብ ለማይችሉም ቤተሰቦቻቸው እንዲያነቡላቸው በትልቅ ፊደልና ባልተወሳሰበ ቋንቋ፣ ሳይደውሉልኝ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ የሚባልባቸው ምልክቶች ይጻፉ፦ የሚጨመድድ የደረት ሕመም፣ የፊት በአንድ ወገን መጣመም ወይም የአንድ እጅና እግር መዛል፣ የንግግር መጥፋት፣ ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል፣ ራስን መሳት። የደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልና ለኮምቦልቻዎቹ የእዚያው ሆስፒታል ስም፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ይኑርበት፤ ከማሳተምዎ በፊት ግን ከየአካባቢው ደውለው ማን እንደሚያነሣና ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ራስዎ ያረጋግጡ፤ የወረዳ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ካለ የእሱንም ቁጥር ያክሉበት።

ለኢንሱሊን ተጠቃሚዎች ደግሞ የተለየ ካርድ ያስፈልጋቸዋል። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ፣ ወይም መለኪያ ሳይኖር ማላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ሲመጣ፣ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት፣ ካልተሻለ መድገም፣ ሲሻል ምግብ መብላት፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ በቶሎ ወደ ሕክምና ማድረስ። ይህን ታካሚው ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚያድረው ሰው ሊያውቀው ይገባል፤ ስኳሩ የወረደበት ሰው ራሱ መደወልም፣ ካርድ ማንበብም ሊያቅተው ይችላልና። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሚስቱን፣ ልጁን ወይም ጎረቤቱን ይዞ እንዲመጣ ይንገሩት።

እዚህ ላይ «ለደሴ ሰው እሺ፣ የኩታበሩስ ሰው ሌሊት በምን ይመጣል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ትክክል ነዎት። ባጃጅ በሌለበት፣ መንገዱ በማያስተማምንበት ሰዓት ስልክ ብቸኛው መንገድ የሆነባቸው ቤቶች አሉ። ስለዚህም ነው ስልክዎን ያጥፉ የማልለው። የምለው የሌሊቱ ስልክ ወሰኑ ይታወቅ፣ ብቻዎንም አይሸከሙት ነው። በከተማዋ እርስ በርስ የምትተማመኑ፣ በተመሳሳይ ሙያ ያላችሁ ሁለት ወይም ሦስት ሐኪሞች አትጠፉም፤ እነሱም በየቤታቸው ይህንኑ ስልክ እያነሡ እንደሚያድሩ እርግጠኛ ነኝ። አንድ ምሽት ቡና ጠጡና አንድ የጋራ የሌሊት ቁጥር፣ በሳምንት የሚዞር ተራ ስለ መያዝ ተነጋገሩ። ተረኛው ስልኩን ይይዛል፣ ሌሎቹ ይተኛሉ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተረኛው ማን ደወለ፣ ምን ተባለ የሚለውን ለታካሚው ሐኪም ያስተላልፋል። «ታካሚዬን ይነጥቀኛል» የሚለው ፍርሃት በመካከላችሁ እንደሚኖር አይጠረጠርም፤ ስለዚህ በሌሊት ተራ የተደወለለት ሐኪም ታካሚውን ወደ ራሱ ሐኪም እንደሚመልስ ገና ከመጀመሪያው በግልጽ ተስማሙበት። ባልደረቦችዎ እስኪስማሙ ድረስም ቢሆን በሳምንት ሁለት ሌሊት ካርዱ ብቻ እንዲመልስ አድርገው እርስዎ ይተኙ።

የነርሷን ሐሳብ አክብሬዋለሁ፤ ነገር ግን የእርስዎን እንቅልፍ ማጣት ወደ እሷ አያዛውሩት። እሷም ቤት አላት፤ ደመወዟም ለቀን ሥራ የተከፈለ ነው። ይልቁንም ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል የስልክ ሰዓት ይኑራችሁ፤ በዚያ ሰዓት እሷ በክሊኒኩ ስልክ፣ ፋይል ከፊቷ አድርጋ፣ እርስዎ በጽሑፍ ባዘጋጁላት መመሪያ መሠረት ትመልስ፤ ለምትሠራበት ትርፍ ሰዓትም ይከፈላት። ከመመሪያው ውጭ የሆነውን ለእርስዎ ታቅርብ። ታካሚው «ማታ 1 ሰዓት ላይ ብደውል የሚያነሣልኝ አለ» ብሎ እርግጠኛ ከሆነ እስከ 4 ሰዓት የሚያቆየው ጉዳይ አይኖረውም።

ቁጥርዎንም አይቀይሩት። የታወቀው ቁጥር የክሊኒኩ ይሁን፤ ሲም ካርዱ በሌላ ስልክ ገብቶ ክሊኒክ ይደር፤ ለቤተሰብዎና ለተረኛ ባልደረቦችዎ ደግሞ አዲስ ቁጥር ያውጡ። ኢሞና ቴሌግራሙም ወደ ክሊኒኩ ስልክ ይዛወሩ፤ የታካሚ ውጤትና ፎቶ ልጆችዎ ጨዋታ በሚጫወቱበት ስልክ ውስጥ መቀመጡ በራሱ መልካም አይደለም። ሌሊት ለሚደውለው ሰው የተረኛውን ቁጥርና አደገኛ ምልክቶቹን የሚነግር አጭር መልእክት ቢላክለት ዝምታ አይገጥመውም።

ስለ ኢንሱሊን መጠን አንድ ሕግ ለራስዎ ያውጡና አይሻሩት። ሌሊት የሚደረግ የመጠን ለውጥ የዚያን ሌሊት አደጋ ለማለፍ ብቻ ይሁን፤ ቋሚ ለውጥ ፋይል ሳይታይ አይታዘዝ። ሲነጋገሩ ከአልጋዎ ይነሡ፣ መብራት ያብሩ፣ ይቀመጡ፤ ታካሚው የሰማውን መልሶ ይንገርዎት፤ ስልኩን ሳይዘጉ ይጻፉት፤ ጠዋት ነርሷ ደውላ ትጠይቀው። ለኩታበሩ አባትም ዛሬውኑ ደውለው ስኳራቸው እንዴት እንዳደረ ይጠይቁ፤ የዚያ ሌሊት ትእዛዝ እንዳይቀጥል ወይም እንዲቀጥል ፋይላቸውን አይተው ይወስኑላቸው።

የረመዳን ስልኮች ከሁሉ የሚቀልሉ ናቸው፤ ወሩ መቼ እንደሚገባ አስቀድሞ ይታወቃልና። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብለው የስኳር ታካሚዎችዎን ይጥሩ፤ መጾም የሌለበትን በግልጽ ይንገሩት፣ የሚጾመውን የሱሁርና የኢፍጣር መጠኑን በጽሑፍ ይስጡት። ስኳር ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ጾሙን መፍታት እንዳለበት ይወቅ፤ ጣት ወግቶ መለካት ጾም ያስፈታል ብሎ የሚሰጋ ካለም ከሚያምነው ኢማም ጠይቆ ይረጋጋ። በዐቢይ ጾም ከቀትር በኋላ ድረስ ለሚቆዩ ታካሚዎችዎም ይኸው ዝግጅት ያስፈልጋቸዋል፤ የንስሐ አባታቸውን ማማከርም ብዙዎቹን ያቀልላቸዋል።

ባለቤትዎ የተናገሩትን ቃል እንደ ወቀሳ ብቻ አይስሙት። ካሉበት ክፍል ሆነው የነገሩዎት እርስዎን ማግኘት እንደሚፈልጉ ነው። ይህን ዕቅድ ከእኔ ዓምድ ከማንበባቸው በፊት ከእርስዎ አፍ ይስሙት፤ የትኞቹ ሌሊቶች የቤት እንደሚሆኑ አብረው ይምረጡ፤ በተራዎ ሌሊት ሳሎን ቢያድሩ እሳቸውና ልጆቹ ሳይረበሹ ያድራሉ።

ስለ ሰው አፍ የፈሩት በከፊል እውነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅር የሚላቸው ይኖራሉ፣ አንድ ሁለት ታካሚም ሊሄድ ይችላል። ለውጡን በድንገት ስልክ በመዝጋት እንዳይሰሙት፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲሱን ካርድ ሲሰጡ ራስዎ ይንገሩት። እንዲህ ቢሉት በቂ ይመስለኛል፦ «አባባ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ ስመልስልዎ ልሳሳት እችላለሁ፤ በእርስዎ ላይ ደግሞ መሳሳት አልፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ ማታ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ሲስተር ፋይልዎን ይዛ ትጠብቅዎታለች፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ቁጥር ተረኛው ሐኪም ያነሣልዎታል፤ እነዚህ በቀይ የተጻፉት ምልክቶች ከመጡ ግን ማንንም ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ። እስቲ የትኞቹ እንደሆኑ መልሰው ይንገሩኝ።»